ቱርቦ ካሸነፈ በኋላ

ቱርቦ የሞተው ካሸነፈ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉም ሰው አይቷል። እሁድ ረፋዱ ላይ፣ ገና ለተሽከርካሪ ባልተከፈተው አዲሱ መንገድ ግራና ቀኝ የተኮለኮለው ሕዝብ በሙሉ ምስክር ነው። አሮጌዋ ሰማያዊ መኪና ከቀዩ የፋብሪካ ስፖርት መኪና ቀድማ በኖራ የተሰመረውን መጨረሻ አለፈች። ሰው ጮኸ። የማይተዋወቁ ሰዎች ተቃቀፉ። ቀዩ መኪና ፍሬን ይዞ ቆመ።

ሰማያዊዋ አልቆመችም። አስፋልቱ አልቆ ጠጠር እስኪጀምር ሄደች። ጠጠሩም አልቆ የድንጋዩ ክምር ጋ እስክትደርስ ሄደች።

መርማሪዋ ስትደርስ ሬሳው ገና ከመሪው ጀርባ ነበር። ወጣት ነው። ፀጉሩን በቅርቡ ተቆርጧል፤ ማጅራቱ ላይ ምላጩ ያለፈበት ቦታ ገና ያበራል። ቀኝ እግሩ የፍሬኑን ፔዳል እስከ ወለሉ ረግጦ እንደያዘ ቀርቷል።

ወደ ኋላ ተመልሳ አስፋልቱን በእግሯ ተከተለችው። ጎማ የታሸበት አንድም ጥቁር መስመር የለም።

«ረግጧል» አለች ለባልደረባዋ። «ባለ በሌለ ኃይሉ ረግጧል። መኪናዋ ናት ያልሰማችው።»

መርማሪዋን መሥሪያ ቤት ውስጥ ፍሬቻ ነው የሚሏት። ጥያቄ ከመሰንዘሯ በፊት እስክሪብቶዋን ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች። ወደ ግራ ከሆነ ነገርህ አልጣመኝም፣ ወደ ቀኝ ከሆነ ቀጥል ማለቷ ነው፤ ተጠርጣሪዎች እንኳ ደርሰውበታል ይባላል። ስሙን ታውቃለች፣ አትቆጣም። የትራፊክ አደጋ ሲመረምር የኖረ ሰው በቅጽል ስም አይቆጣም፤ የሚያስቆጣው ሌላ ነገር ሞልቶታል።

የከተማው ወጣት በዚህ ውድድር የተነሳ ለሁለት ተከፍሎ ነው የከረመው። አንዱ ወገን፣ የፋብሪካ ስፖርት መኪና ሞተሩ፣ ጎማው፣ ፍሬኑ ሁሉ ተማክረው የተወለዱ ናቸው፤ እሱን ማን ይደርስበታል ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ፣ የአያት መኪና ስጠኝ፣ ቱርቦ ልግጠምባት፣ የኋላ ወንበሯን አውልቄ ክብደቷን ልቀንስ፣ ከዚያ ፋብሪካው ምን እንደሚል እናያለን ይላል። የዚህ ወገን ንጉሥ ሟቹ ነበር። ቤተሰብ ይዛ ገበያ ደርሳ እንድትመለስ የተሠራችን መኪና ከጓደኛው ጋር ሆኖ ዓይን የማይከተላት አድርጓታል። ስሙም ከሞተሩ ላይ ነው የወጣለት።

ቀዩ መኪና የአንድ መኪና አስመጪ ነው። «ጋሪ ላይ ሞተር ብትገጥም ያው ጋሪ ነው» ብሎ በሰው መሃል ቱርቦን አሹፎበት ነበር። ውድድሩ የመጣው ከዚያች ቃል ነው።

ከሰዓት በኋላ የሟቹ እህት ጣቢያ መጣች።

ልብስ ሰፊ ናት። ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው የመጣችው፤ ማውለቁን ማን አስታውሷት። ሰፈሩ በሙሉ እታበባ ይላታል፣ ወንድሟ ሲጠራት ሰምቶ። እናትና አባታቸው ካለፉ ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት። አላገባችም፣ አልወለደችም። ለጠየቃት ሁሉ ግን «ልጅ አለኝ» ነበር የምትለው።

አላለቀሰችም። ወንበር ሲሰጣትም አልተቀመጠችም።

«ማነው የገደለብኝ?»

«ገና ነው፣ እታበባ። አደጋም ሊሆን ይችላል።»

«አደጋ አይደለም። ወንድሜ ያችን መኪና እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያያት። ፍሬኗ እምቢ ካለው ሰው ነክቷት ነው።» እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። «አንድ ነገር ልለምንሽ፣ እህቴ። ማን እንደሆነ ስታውቂ ከሰው ሁሉ በፊት ለእኔ ንገሪኝ። ከመንገድ ወሬ አልስማው።»

«እነግርሻለሁ።»

«ማይልኝ።»

መርማሪዋ ቃል መስጠት አትወድም። ቃል የሰጠ መርማሪ እጁን አስሮ ነው የሚሠራው። ነገር ግን የሴትዮዋ ጣቶች፣ በመርፌ ተወግተው ተወግተው የደነደኑት፣ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተው አየችና አንጀቷን በሏት።

«እውነቴን ነው። አንቺ ቀድመሽ ትሰሚያለሽ።»

መኪናዋ ተጎትታ ጣቢያው ግቢ ገባች። ፊቷ ተጨማዷል። የሞተሩ የኋላ ክፍል ግን ብዙ አልተጎዳም፤ የፍሬን ዘይት የሚቀመጥባት ነጭ የፕላስቲክ ዕቃ እንኳ ሳትሰበር ተገኘች። ክዳኗ ጥብቅ ብሎ ተዘግቷል። ውስጧ ደርቋል።

መርማሪዋ ከሥሯ ገብታ በጀርባዋ ተኛች። ወደ ጎማዎቹ የሚሄዱትን ቀጫጭን ቱቦዎች አንድ በአንድ በጣቷ ዳበሰች። የተቆረጠ የለም። ያፈሰሰ የለም። የፍሬን ዘይት ደግሞ በኖ አይጠፋም። እንግዲህ አንድ ሰው ክዳኑን ከፍቶ ዘይቱን አውጥቶታል፤ መልሶም ዘግቶታል። እንዲህ ያለ መኪና ለጥቂት ጊዜ ሲረገጥ ይቆማል፤ ቱቦው ውስጥ የቀረው ይበቃዋል። ከዚያ አየር ይገባና ፔዳሉ ባዶውን ይወርዳል።

ዳሽቦርዱን አየች። ዘይቱ ሲጎድል የምትበራው ቀይ መብራት የለችም። በቦታዋ የቱርቦውን ግፊት የሚያሳይ መለኪያ ተገጥሟል። የመብራቷ ሽቦ ተቆርጦ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል።

«የሰው እጅ አለበት» አለች ወጥታ አቧራዋን እያራገፈች። ሴትዮዋ ልክ ነበረች።

አስመጪውን መኪና የሚያሳይበት ሰፊ አዳራሽ ውስጥ አገኘችው። ቀዩ መኪና መሃል ላይ ቆሟል። ሰውዬው ጀርባውን ሰጥቶታል።

«የእርስዎ መካኒክ ከውድድሩ በፊት የልጁ መኪና ላይ አጎንብሶ ታይቷል።»

«ሁሉም ሰው አጎንብሷል። እኔም አጎንብሻለሁ። ሰው ጉድ ሊያይ ነው የመጣው።»

እስክሪብቶው ወደ ግራ አዘነበለ።

«መሸነፍ አይወዱም ይባላል።»

«አልወድም። ግን ተሸነፍኩ። ሕዝብ ፊት፣ በጋሪ።» ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። «መስመሩን አልፌ ፍሬን ያዝኩ። እሱ አልያዘም። ደስታ ነው የመሰለኝ። ልጁ ደስ ብሎት የሚነዳ ነው የመሰለኝ። እኔ ራሴ መኪናው ውስጥ ሆኜ አጨብጭቤለታለሁ።»

መርማሪዋ ወደ ቀዩ መኪና አመለከተች።

«የእርስዎስ መኪና የፍሬን ዘይት ቢያጣ ምን ይሆናል?»

«ያበራል። ይጮሃል። ቢረግጡት እንኳ ፍጥነት አይሰጥም። ፋብሪካ ሰውን አያምንም፣ እመቤቴ። ሰው ይረሳል፣ ይቸኩላል፣ ይሳሳታል ብሎ ነው የሚሠራው።» ወደ ቀዩ መኪና ዞሮ እንደ ባዕድ አየው። «የሱ መኪና ከእኔዋ ትፈጥናለች፤ ይሄን ከእንግዲህ አልክድም። ግን ሁሉን ነገር ሰው ላይ ጥላ ነው የምትሄደው።»

እስክሪብቶው ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ዞረ።

ኤሌትሪሻኑ አስቀድሞ ታስሮ ነበር። ከቱርቦ ጋር አብሮ ያደገ፣ መኪናዋንም አብሮ የሠራ ጓደኛው ነው። አርብ ዕለት ጋራዡ በር ላይ ተጣልተው «በዚህች መኪና ትሞታለህ» ብሎ ሲጮህበት ሰፈሩ ሰምቷል። እንዲህ ያለ ቃል ሰው ከሞተ በኋላ ሌላ ቃል ይሆናል።

«የመብራቷን ሽቦ ማን ቆረጠው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«እሱ ነው ያለኝ። ፍሬን በኃይል ሲይዝ ዘይቱ ይናወጥና መብራቷ በከንቱ ትበራለች። ዓይኔን ትሰርቀኛለች አለ። መለኪያውም ቦታ አጥቶ ነበር። ቆረጥኳት።»

«የተጣላችሁትስ?»

«በፍሬኑ ነው። ሞተሩን እጥፍ አድርገነዋል፤ ፍሬኑ ግን ድሮ ገበያ ስትመላለስ የነበረው ነው። የሚመጥናት ፍሬን እስክናገኝ ውድድሩ ይራዘም አልኩት። ፈራህ አለኝ። ተናደድኩና ትሞታለህ አልኩት።» ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። «ምላሴን በቆረጠው።»

«ከዚያ በኋላ መኪናዋን ነክተሃታል?»

«አላየኋትም። እሁድም አኩርፌ ከሰው ኋላ ነው የቆምኩት። ሲያሸንፍ ልሄድለት ሮጬ ነበር።»

መርማሪዋ አመነችው። አለቃዋ ግን አላመነም።

«ዝቷል፣ ሽቦ ቆርጧል፣ የመኪናዋን ሆድ ዕቃ ያውቃል። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» አላት። «ነገ ክስ ይመሥረትበት።»

«ነገ ይሁን» አለች። «ዛሬን ስጠኝ።»

ወደ ግቢው ተመለሰች። መኪናዋን ዞረቻት፣ እንደገና ዞረቻት። ከፊት ጎማው በላይ ባለው ቆርቆሮ ላይ፣ ከኮፈኑ ጠርዝ ጀምሮ ወደ ታች፣ ሰማያዊው ቀለም በነጠብጣብ አብጦ ተልጧል። አደጋው ያደረሰው አይደለም። የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል፤ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚበላው፣ ሰዓት ይፈልጋል። እሁድ መንገዱ ላይ ያነሳቻቸውን ፎቶዎች አወጣች። ቀለሙ ያኔም አብጧል።

ስለዚህ ዘይቱ የወጣው ጠዋት ውድድሩ ቦታ ላይ አይደለም። የአስመጪው መካኒክም፣ ሲያጎነብስ የዋለው ሕዝብም ከደሙ ንጹሕ ነው። የወጣው ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ መኪናዋ የት ነበረች? ከጋራዥ ወጥታ እህቱ ግቢ ነው የዋለችውም ያደረችውም።

የነጯን ዕቃ ክዳን ከፍታ በባትሪ አበራች። ሥሯ ላይ አንድ ነገር ተጣብቋል። በመቆንጠጫ አወጣችው። ከጨርቅ የተመዘዘ ክር ነው፣ አረንጓዴ። ዘይቱ የተቀዳ አልነበረም፤ በጨርቅ እየተነከረ ነው የወጣው። ሙያተኛ እንዲህ አይሠራም።

እታበባ ቤት በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ለቅሶ የመጡት ወጥተዋል። አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ፣ ግድግዳው ላይ የልብስ ልክ የተቆረጠባቸው ካርቶኖች፣ ወለሉ ላይ ለፋብሪካ ሠራተኞች የታዘዘ የቱታ ክምር። ቱታው አረንጓዴ ነው።

መርማሪዋ አየችው። ልቧ ግን እምቢ አላት። ደንበኛ ይገባል፣ ጎረቤት ይገባል፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ማንም ያነሳል አለች ለራሷ።

«ያን ልጅ እንዳትለቂው» አለቻት እታበባ፣ መርማሪዋ ገና ሳትቀመጥ። «ከእጄ በልቶ ያደገ ልጅ ነው። ይሄ ነው ያቃጠለኝ።»

«እስቲ ቅዳሜን ንገሪኝ። ግቢው ውስጥ ማን ገባ?»

«ማንም።»

«ኤሌትሪሻኑስ?»

እታበባ ልትመልስ ብላ ቆም አለች። ውሸት አልለመደባትም።

«አልመጣም። አርብ እንደተኳረፉ ናቸው።»

«ደንበኛ? ጎረቤት?»

«በሩን ቆልፌ ነው የዋልኩት። ይሄ ሥራ በቶሎ አድርሺልን ተብሎ ነበር። ቱርቦ ፀጉሩን ሊቆረጥ ወጣ። ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም።»

በሩን ሁሉ አንድ በአንድ እየዘጋች፣ ውስጥ የቀረችው እሷ ብቻ መሆኗን አላወቀችም። መርማሪዋ አወቀች። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እንደውም አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች እታበባ። ፊቷ ላይ ሐፍረት መጣ። «ግን እንዳትስቂብኝ።»

«አልስቅም።»

«እኔ ራሴ ላስቀረው ሞክሬ ነበር። ፈርቼ ነው። ከዚያ ሰውዬ ጋር እወዳደራለሁ ካለኝ ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፤ ‹እታበባ፣ ልጅ አይደለሁም› አለኝ።» የስፌት መኪናዋን ዳበስ አደረገች። «ይቺ መኪናዬ ዘይት ስታጣ ትነክሳለች። እግርሽ እስኪዝል ብትረግጫት ንቅንቅ አትልም። መኪና ሁሉ ያው መሰለኝ። ዘይቷን ከወሰድኩባት አትነሳለትም፣ ውድድሩ ይቀራል፣ ይኮርፈኛል፣ ከዚያ ይበርድለታል ብዬ አሰብኩ። የሱን ኩርፊያ እችለዋለሁ። እሱ ፀጉር ቤት እያለ በቁርጥራጭ ጨርቅ እየነከርኩ አወጣሁት።»

መርማሪዋ እስክሪብቶዋን ወደየትም አላዘነበለችም።

«የትኛውን ዘይት?»

«የትኛውን ትያለሽ፣ ነጯ ዕቃ ውስጥ ያለውን ነዋ። ማታ ማታ ባትሪ ይዤ ሳበራለት ‹እታበባ፣ ዘይቱን አቀብዪኝ› ይለኛል፤ እዚያ ነው የሚጨምረው። ሌላ ዘይት ሲጨምር አይቼ አላውቅም።» ራሷን ነቀነቀች። «ምን ዋጋ አለው፣ ምንም አልሆነችም። እሁድ ጠዋት ቁልፉን ሲያዞረው ገና በመጀመሪያው ተነሳች። እንግዲህ ሂድ ያለው ነው ብዬ የግቢውን በር ራሴ ከፈትኩለት። ሲወጣ ሳቀልኝ።»



ሞተር የራሱ ዘይት አለው። ፍሬን የራሱ ዘይት አለው። ሁለቱንም ሰው ዘይት ነው የሚላቸው። ከዓመት ዓመት መኪና ላይ ተቀምጣ የኖረች ሴት ደግሞ መኪና ሲባል የምታውቀው አንድ ነው።

ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። መርማሪዋ ክሩን ከኪሷ ሳታወጣ ተነስታ ብትሄድ ማንም አይጠይቃትም። ይህን አሰበች፤ አላሰብኩም ብትል ውሸት ነው። ነገር ግን አንድ ልጅ እስር ቤት ውስጥ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀምጧል። ቃልም ሰጥታለች።

«ምነው?» አለች እታበባ። «ልጁ አመነ እንዴ?»

«እታበባ፣ አጠገቤ ተቀመጪ።»

ተቀመጠች።

«የመኪና ዘይት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የሞተሩ ነው። እሱ ቢወሰድ ያልሽው ይደርስ ነበር። ነጯ ዕቃ ውስጥ ያለው የፍሬኑ ነው።»

እታበባ ሰማቻት። መጀመሪያ ምንም አልሆነችም። ሥራ ሲከብዳት እንደምታደርገው ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጣቷ ላይ መጠቅለል ጀመረች።

«እስቲ ድገሚልኝ» አለች።

መርማሪዋ ደገመችላት።

«እንዳይሄድ ነው እኮ ያልኩት።»

«አውቃለሁ።»

«አይ፣ አታውቂም። እንዳይሄድ ነው።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «እንዳይቆም አላልኩም።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን መርማሪዋ ለማንም ተናግራ አታውቅም። ብቻ ጎረቤቶች ደርሰዋል፣ ውሃ መጥቷል፣ በሩ ተዘግቶ እንደገና ተከፍቷል። በመጨረሻ እታበባ ፊቷን ታጠበች። እጅጌ ያልተገጠመላቸውን ቱታዎች ለብቻ፣ ያለቁትን ለብቻ አጣጠፈች፤ «ባለቤቶቹ ሲመጡ እንዳይቸገሩ» አለች። ማንም ሳያዛት ቀድማ ወጣች።

ሕጉ ይህን ነገር የሚጠራበት ስም አለው፤ በቸልተኝነት ሰው መግደል ይለዋል። መርማሪዋ መንገዱን ሙሉ ስሙን አልጠራችውም።

ጣቢያ እንደደረሱ ኤሌትሪሻኑ እንዲፈታ አደረገች። ኮሪደሩ ላይ ብቅ ሲል ቀበቶው በእጁ ነበር፣ ጫማው ክር የለውም። እታበባን ሲያያት ባለበት ደረቀ። ልትረግመው የመጣች መስሎታል። እሷ ሄዳ አቀፈችው።

«እታበባ፣ እኔ እኮ አይደለሁም።»

«አውቃለሁ የኔ ልጅ። ይቅር በለኝ፣ ክፉ ነገር ተናግሬብሃለሁ።»

«መብራቷን ግን የቆረጥኳት እኔ ነኝ። ብትኖር ያያት ነበር።»

«እሱ ነው ያዘዘህ። ዝም በል።»

ልጁ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

«ታዲያ አገኙት? ሰውዬውን?»

መርማሪዋ ልትናገር ስትል እታበባ በእጇ ከለከለቻት። የልጁን ኮሌታ አስተካከለችለት።

«አገኙት» አለች። «እኔ ነኝ።»

ልጁ ሐዘን ያናገራት መሰለው። ትከሻዋን ደገፍ አድርጎ ሊያባብላት ሞከረ።

«እንደሱ አትበይ፣ እታበባ። ሁላችንም በእኔ ነው እያልን ነው።»

ወደ መርማሪዋ ዞረ፣ እንድታግዘው። መርማሪዋ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። ያኔ ነው ልጁ ያለቀሰው።